ራስ ዝቅ ሲል ልብ ካልሰገደ

አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ በቅዳሴያችን ጸሎተ ሃይማኖት ካለቀ በኋላ፣ ፍሬ ቅዳሴው ሳይጀመር፣ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲለዋወጥ ያዛል። ሕዝቡም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ እጅ ይነሣል። ይህ ከጥንት የወረስነው ታላቅ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ ምን ሆኖ ቀረ?

በዐይኔ ያየሁትን ልናገር። በአባታቸው ቤት ውርስ የተካሰሱ ሁለት ወንድማማች በአንድ ዐምድ አጠገብ ቆመው ሲያስቀድሱ፣ ዲያቆኑ ባዘዘ ጊዜ አንዱ ለአንዱ እጅ ነሣ። ሰኞ ግን በዳኛ ፊት ቆመው አንዱ የአንዱን ስም ሲያጠፋ ዋለ። እኔም የሁለቱ የነፍስ አባት ነበርሁ፤ ጠባቸውም ለጎረቤት ሁሉ የታወቀ ነበረ። ከቤታቸው ገብቼ ጠበል ረጨሁ፣ ማዕዳቸውን ቀመስሁ፤ ስለ ዕርቅ ግን አፌን አልከፈትሁም። እንግዲህ ከሦስታችን ይበልጥ የበደለ ማን ነው? እኔ ነኝ።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንዳስተማረው፣ ወንድሙን ያሳዘነ ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ሊታረቅ ይገባዋል። ዲድስቅልያ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍም ጳጳሳት የምእመናንን ክርክር ሰኞ እንዲሰሙ ያዛል፤ ይኸውም እስከ ቅዳሜ ጊዜ አግኝተው ባለጠቦቹን ለእሑድ በሰላም እንዲያደርሷቸው ነው። እነሆ፣ አባቶች ሰኞን ለዕርቅ ሰጡት፤ እኛ ለክስ ሰጠነው።

አንዳንድ ካህን «ሥርዓቱ ከተፈጸመ ይበቃል፤ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው» ይላል። መርማሪው እርሱ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአደባባይ የተጣላውን ማስታረቅ ለማን የተሰጠ ሥራ ነው? አንዳንድ የከተማ ሰው ደግሞ «ፍሬ የሌለው ሥርዓት ይቅር» ይላል። ማድጋ ባዶ ቢሆን ውሃ ይቀዱበታል እንጂ ይሰብሩታልን? በቅኔ ቤት እንደምናውቀው፣ ያለ ሰም ወርቁ አይገኝም፤ ወርቅ የሌለው ሰምም ቅኔ አይባልም። እጅ መንሣቱ ሰም ነው፤ ወርቁ ዕርቅ ነው።

ስለዚህ እኛ ካህናት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የተጣሉትን ቤት ለቤት ሄደን እናስታርቅ፤ ማዕድ እንዳይቀርብን ፈርተንም ዝም አንበል። ምእመንም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ከመሳለሙ በፊት የወንድሙን ደጅ ይምታ። ይህ ካልሆነ ዲያቆኑ ያዛል፣ ራሳችን ይጎነበሳል፣ ሰላሙ ግን አልፎን ይሄዳል።

እግዚአብሔር ዐይነ ልቡናችንን ያብራልን።