አፋችን ቤጂንግ፣ ዓይናችን ዱከም

ዱከም ኢንዱስትሪ ዞኑ አካባቢ ቡና እየጠጣችሁ ጆሯችሁን ጣል ካደረጋችሁ አንድ የሀገራችን ልጅ ከቻይናዊ አለቃው ጋር ሲቀልድ፣ ሲጨቃጨቅ፣ ሲብስበትም ሲሰዳደብ መስማታችሁ አይቀርም። ቻይንኛው ውሃ ነው! ያንኑ ልጅ ግን «እስቲ ይህቺን ወረቀት አንብብልኝ» በሉት። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳታል። አፑ ይተርጉምለት እንጂ እሱ ምን ያድርግ?

በልጁ አልስቅም። እኔም ያው ነኝ። የኤችኤስኬን (የቻይንኛ ችሎታ ፈተናን ማለቴ ነው) ደረጃ 4 ለመጀመሪያ ጊዜ ስፈተን ሊስኒንጉን እየተዝናናሁ ጨርሼ ሪዲንጉ ላይ ሰዓት ሲያልቅ አስራ ሁለት ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። «ሲ፣ ሲ፣ ሲ...» እያልኩ አጥቁሬ ወጣሁ። ውጤቱን አትጠይቁኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ2010 በያዘው ቅርጽ ስድስት ደረጃዎች አሉት (በ2021 ዘጠኝ ደረጃ ያለው አዲስ መስፈርት ወጥቷል፤ ያንን ለሌላ ቀን)። በዚያ ቅርጽ ደረጃ 1 የሚጠይቀው 150 ቃላት ነው፤ ደረጃ 4 ላይ 1,200 ይደርሳል። የደረጃ 4 ሪዲንግ 40 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ነው። ደረጃ 1 እና 2 ላይ ከቻይናው ፊደል ጋር ፒንይን፣ ማለትም ድምፁ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይሰጣችኋል። ደረጃ 3 ላይ ይህ ምርኩዝ ይነጠቃል። የብዙዎቻችን ለቅሶ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለምን ቢባል፣ እኛ «ሀ ሁ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ድምፁን ካወጣነው አነበብነው ማለት ነው። ስለዚህ ፒንይኑን ስንወጣው ቻይንኛ ያነበብን ይመስለናል። ዓይናችን ግን አንዲት ፊደል እንኳ አላየም።

የኔ ዋና ቅሬታ ግን ሌላ ነው። ቻይንኛን የምናጠናው በእንግሊዝኛ በኩል ነው! ፎቶ ኮፒ የምናደርገው መጽሐፍ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ፣ አፑ በእንግሊዝኛ፣ የምንሸመድደው የቃላት ዝርዝር በእንግሊዝኛ። ምን እንደምናጣ ልንገራችሁ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» እንላለን አይደል? ቻይናውም «እኔ ትናንት ገዛ ደ መጽሐፍ» ነው የሚለው። ያቺ «ደ» የኛ «የ» በሏት፤ ቦታ ቀየረች እንጂ ሥራዋ ያው ነው። ገላጩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል። እንግሊዝኛው ግን መጽሐፉን ከፊት አስቀምጦ መግለጫውን ከኋላ ይጎትታል። በእንግሊዝኛ እየተረጎመ የሚያነብ ተማሪ ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ሮጦ መጽሐፉን ፈልጎ ይመለሳል። ለአንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው ይህ ሩጫ ውድ ነው። እናታችን ጉያ ውስጥ የተማርነውን ነገር በሰው ቋንቋ በኩል ዞረን እንደ አዲስ እንማረዋለን። (ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የኛ አመል ነው፤ እዚያ ላይ ቻይንኛው ለእንግሊዝኛ ይቀርባል። አልክድም።)

ሌላው ጣጣ፣ ቻይንኛ በቃላት መሀል ክፍተት የለውም። አባቶቻችን በየቃሉ መሀል ሁለት ነጥብ ያኖሩልን ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። «ፋ ዣን ዦንግ ጉዎ ጂያ» የሚል ተጽፎ ስታዩ ዓይናችሁ መሀል ላይ «ዦንግ ጉዎ»ን፣ ማለትም ቻይናን፣ ለቀም ያደርጋል። ቻይና ግን እዚያ የለችም! «በማደግ ላይ ያለ ሀገር» ማለት ነው። የት ጋ እንደሚቆረጥ የቃላት ዝርዝር አያስተምርም፤ ብዙ ገጽ ማንበብ ብቻ ነው የሚያስተምረው።

ሽምደዳውንም ቢሆን በዘዴ ማድረግ ይቻላል። «ቺንግ» የሚባል አንድ ቅርጽ አለ። ከጎኑ ሦስት ጠብታ ውሃ ስታደርጉበት «ጥርት ያለ» ይሆናል፣ ፀሐይ ስታደርጉበት «ብራ»፣ ልብ ስታደርጉበት «ስሜት»፣ የንግግር ምልክት ስታደርጉበት «እባክህ»። ሁሉም ቺንግ ናቸው፣ ዜማቸው ቢለያይም። አንዱ ጎን ድምፅ፣ ሌላው ጎን ፍቺ ይጠቁማል። ይህንን የነገረኝ ሰው ሳይኖር ስንት ወር አራቱን እንደ አራት ባዕድ ስሸመድዳቸው ኖርኩ!

ሦስት ዓረፍተ ነገር ሰጥተው «በቅደም ተከተል አስቀምጡ» የሚሉበት ክፍልም አለ። እዚያ ላይ «ዳንሺ» (ግን) ብሎ የሚጀምረው መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። «እሱ» የሚለውም ስሙ የተጠራ ሰው ከፊቱ ይፈልጋል። ይህቺ ዘዴ ጥቂት ነጥብ ታመጣለች። በዘዴ ብቻ እናልፋለን የምትሉ ግን... አታስቁኝ።

«እኔ አውርቼ እንጀራዬን እየበላሁ ነው፣ ማንበብ ምን ያደርግልኛል?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ ከኔ ይበልጣል። ግን ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ ብቻ ሲሆን ሠራተኛው ዞር ብሎ «ምን ይላል?» የሚለው እሱን ነው። እጁን ማሽን ውስጥ የሚያስገባው የሱን መልስ አምኖ ነው። የራሱ የቅጥር ውል በሁለት ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ ቻይንኛው ላይ ያለው አማርኛው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በምን ያውቃል?

እኔ አሁን ድጋሚ ተመዝግቤያለሁ። ጠዋት ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ገጽ ፒንይን የሌለው ጽሑፍ አነባለሁ፤ የማላውቀው ፊደል ሲያጋጥመኝ ገጹን ሳልጨርስ መዝገበ ቃላት አልከፍትም። ማታ ደብተሬ ላይ በአማርኛ እፈታዋለሁ። ደብተሩ እስካሁን ሦስት መቶ አርባ ቃል ደርሷል፣ ጽሑፌ ግን የዶክተር ነው። ፎቶ ኮፒ የምትፈልጉ ታገሱኝ፣ እገለብጠዋለሁ።