«አንተ ከኋላ ቁም»

የካ ሚካኤል ላደገ ልጅ ኳስ ማለት ዳገት ነው። ሜዳ ብለን የያዝነው ቦታ ወደ አንድ በኩል ያዘመመ ስለነበር፣ ኳስ ባመለጠ ቁጥር ቁልቁለቱን ሮጦ የሚያመጣት ተከላካዩ ነበር። ቡድን ሲመረጥ መጀመሪያ አብዶ የሚችለው ይጠራል፤ ቀጥሎ ጎል የሚያገባው፤ ከዚያ የኳሷ ባለቤት (ባይችልም!)። መጨረሻ የተረፈው «አንተ ከኋላ ቁም» ይባላል። እኔ ብዙ ጊዜ የተረፍኩት ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ገለልተኝነት አትጠብቁ።

ነገሩ በሰፈር ቢያበቃ ምንም አልነበረም። ግን አገር በሙሉ ተከላካይን የምታየው እንደዚያው ነው።

እስቲ ጥር 13 ቀን 2005ን አስታውሱ። የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር በተመለሰ ማግስት ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ተጫወቱ። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ አንድ ለዜሮም ተመራን። አዳነ ግርማ አቻ አደረገንና 1 ለ 1 አለቀ። ጎሉን ማን አገባ ብላችሁ ብትጠይቁ ሰፈሩ ሁሉ ይመልስላችኋል። በ10 ሰው ሻምፒዮኗን እስከ መጨረሻው ያቆሙትስ? ዝም! የቡድኑ አምበል ደጉ ደበበ ተከላካይ እንደነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

የማይረሳ ተከላካይ ካለ ደግሞ የተሳሳተው ነው። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ የመሐል ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ነበር። ጥር 1 ቀን 2014 ያውንዴ ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ስንጫወት፣ ጨዋታው ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ያው ያሬድ ቀይ ካርድ አየ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት በአንድ በኩል፣ ጥቂት ደቂቃዎች በሌላ በኩል። ሚዛኑ የቱ ጋ እንዳጋደለ ታውቁታላችሁ።

በዚያው የሻምፒዮንነት ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ጎል አገባ። በ2014 ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ ይገባዋል። የሻምፒዮኑ አምበል ዝውውር ግን ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሆነ። ወደ ውጭ የወጡትን ቁጠሩ፦ ሳላዲን ሰኢድ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ኡመድ ኡክሪ፣ ፍቅሩ ተፈራ፣ ሽመልስ በቀለ። ወይ አጥቂ ናቸው ወይ አማካይ። ዲናሞ ዛግሬብ ድረስ የደረሰው የዋልያዎቹ ተከላካይ ዋሊድ አታ ደግሞ ኳስን የተማረው ስዊድን ነው።

«ቁመት የለንማ!» የሚል አይጠፋም። ፋቢዮ ካናቫሮ ቁመቱ 1 ሜትር ከ76 ገደማ ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2006 ግን የዓለም ዋንጫንም ባሎንዶርንም ወስዷል። ከእሱ ወዲህ ባሎንዶር ያገኘ ተከላካይ የለም። ማለትም ተከላካይን መርሳት የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ልዩነቱ ሌላው ዓለም ቢረሳቸውም ያሠለጥናቸዋል፣ ይጠብቃቸዋል። ቫን ዳይክ ሊቨርፑል የገባው በ26 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ግሮኒንገን፣ ሴልቲክ፣ ሳውዝሃምፕተን እያለ ደረጃ በደረጃ በስሏል። ተከላካይ ዘግይቶ ይበስላል፤ የሚበስለውም ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ነው። የኛ ክለቦች ግን ለአንድና ለሁለት ዓመት አስፈርመው በየክረምቱ ቡድን ያፈርሳሉ። ሁለት የመሐል ተከላካዮች ገና በዓይን መግባባት ሲጀምሩ አንዱ ሻንጣውን ይሸክፋል።

አጥቂ የሁለት ደቂቃ የጎል ቪዲዮ ይዞ ገበያ ይወጣል። ተከላካይ ምን ይዞ ይውጣ? ያልገባ ጎል አይቀረጽም። ስለዚህ የሱ ሥራ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፤ ያንን ዓይን ማምጣት ያለብን አሠልጣኙ፣ ጋዜጠኛውና እኛ ተመልካቾቹ ነን።

በቅርቡ በሰፈራችን ሳልፍ ልጆች ቡድን ሲመርጡ አየሁ። የመጨረሻውን ልጅ ያው «አንተ ከኋላ ቁም» አሉት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አንድ ቀን ግን ከሁሉ በፊት የሚጠራ ልጅ «እኔ ከኋላ እቆማለሁ» ሲል መስማት እፈልጋለሁ። የኛ ተከላካይ ጉዞ የሚጀመረው ያን ቀን ነው።