«ኔትወርክ የለም» መልስ አይደለም

ቅዳሜ መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ተበሳጭቶ አገኘሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ ኢንተርኔት የለም። ሊሠራ የመጣው ልጅ «የቴሌ ኔትወርክ ነው፤ ካልሆነም ስዊቹ ይቀየር» ይላል። በዚያው ስዊች የተገናኘው የጎረቤት ሱቅ ግን ይሠራል እኮ!

ልጁ ተማሪዬ ነበር። አፈርኩ፤ በሱ ሳይሆን በራሴ። ፒንግን ለፈተና አስጻፍኩት እንጂ አንድ ቀን አላሠራሁትም።

አብረን ሞከርን። መጀመሪያ ራውተሩን፣ 192.168.1.1ን፣ ፒንግ አደረግን። ዝም። ከጎረቤት ኮምፒውተር ሲሞከር ግን ይመልሳል። እንግዲህ ጅቡቲ ያለው የባሕር ኬብል ድረስ ምን አስኬደን? ችግሩ ከኮምፒውተሩ እስከ ስዊቹ ባለችው ጥቂት ሜትር ውስጥ ነው። ገመዱን ስዊቹ ላይ ወደ ሌላ ቀዳዳ ስናዞረው መጣ።

ራውተሩ መልሶ ውጪው ዝም ቢል ኖሮ ትሬስራውት ነበር ቀጣዩ። ፓኬቱን መጀመሪያ እስከ አንድ፣ ቀጥሎ እስከ ሁለት ራውተር ብቻ እንዲደርስ አድርጎ ይልካል፤ ፓኬቱ ያለቀበት ራውተር «እኔ ጋ ቀረ» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ እያለ መንገዱ ይታያል። (ኮከብ ብቻ ስታዩ አትደንግጡ፤ መልስ እንዳይሰጡ የተደረጉ ራውተሮች አሉ።) ተራ ስዊች ግን ዝርዝሩ ውስጥ አይወጣም፤ እሱን በፒንግና ገመድ በመቀያየር ነው የምትይዙት።

ፒንግ ከ1983 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ በየኮምፒውተሩ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው። እኛ መምህራን ትርጉሙን እናስጽፋለን። ከሰኞ ጀምሮ በአንድ ኮምፒውተርም ቢሆን ተራ በተራ አሠራቸዋለሁ።

ባለሱቁ እኮ ለስዊች መግዣ ብሩን ቆጥሮ ጨርሶ ነበር።