ተከላካይ የሚወራለት ጎል ሲያገባ ብቻ ነው?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ስለ ኳስ ስንጽፍ ከርዕሱ የማይጠፋው ጎል ያገባው ሰው ስም ነው። ተከላካይ የሚነሳው ወይ ሲሳሳት ወይ እንደ አጥቂ ሲያገባ ነው። በኔ እምነት ይሄ የዘገባ ጉድለት ነው።

እስቲ ስቲቭ ብሩስን እንውሰድ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1979 ለጂሊንግሃም መጫወት ጀመረ፤ በኖርዊች ሲቲ አልፎ በ1987 ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። እስከ 1996 ድረስ ከ400 በላይ ጨዋታዎች ተሰለፈ፤ ሦስት የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫዎችን አነሳ። በ1994 ዩናይትድ ሊጉንና የኤፍ ኤ ካፑን ደርቦ ሲወስድ ሜዳ ላይ አምበሉ እሱ ነበር። ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ግን አንድም ቀን አልተሰለፈም።

ታዲያ ብዙ ጊዜ በምን ይነሳል? በኤፕሪል 1993 ሼፊልድ ዌንስዴይ ላይ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በጭንቅላት ባገባቸው ሁለት ጎሎች! ጎሎቹ ወሳኝ ነበሩ፣ አልክድም። ግን ዩናይትድ በዚያ የውድድር ዘመን በ42 የሊግ ጨዋታዎች የተቆጠረበት 31 ጎል ብቻ ነው። ይሄስ የማን ሥራ ነው?

የዳነ ጎል ውጤት መግለጫው ላይ አይጻፍም። አይቶ የሚነግረን ጋዜጠኛ ከሌለ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ውጤቱንማ አንባቢው በስልኩ ይቀድመናል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀጣዩን ጨዋታ ስትዘግቡ ለተከላካዩም አንድ አንቀጽ ስጡት፦ የት ቆመ? ማንን ያዘ? ኳሷ ጋ እንዴት ቀድሞ ደረሰ? እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፈዋል?