ይድረስ ለጥርስ ሐኪሜ

የተከበሩ ዶክተር፣

ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁልዎ፣ የዋሉልኝ ውለታ በእኔ ብቻ ስላልቀረ ነው።

ሕፃን ሳለሁ ተቅማጥ ቢያጣድፈኝ «ግግ ነው» ተባለና ድዴ በስለት ተከፍቶ የወተት ጥርሴ ቡቃያ ተነቅሎ ወጣ። በብዙ መንደሮቻችን የሚደረግ ነውና ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከሥሩ የነበረው የቋሚ ክራንቻዬ ቡቃያ ግን አብሮ ተጎዳ። በ11 ወይም በ12 ዓመቴ መውጣት የነበረበት የላይኛው ክራንቻ ሳይወጣ ቀረ። ጎረቤቶቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ዘመሙ፤ የላይና የታች ጥርሶቼ አልገጥም አሉ። ዳቦ ለመግመጥ መንጋጋዬን ወደ ጎን ማጣመም ነበረብኝ።

እርስዎ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅለው፣ አጥንቱ ውስጥ አግድም የተኛውን ጥርስ በእስክሪብቶዎ ጫፍ አሳዩን። እናቴ ስታለቅስ ከአፍዎ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣም። «ልጅዎን ለማዳን ብለው ነው» አሏት፤ ተቅማጡን ያመጣው ተሕዋስ እንጂ ጥርስ እንዳልሆነም በሚገባት መንገድ አስረዷት።

ከዚያ ሽቦ አሰሩልኝና ቦታው ተከፈተ። ድዱን ከፍተው የተኛው ጥርስ ላይ ቀጭን ሰንሰለት አያያዙበት፤ በቀስታም ሳቡት። «ምነው ጠበቅ ተደርጎ ቶሎ ቢሳብ?» ብልዎ፣ ጥርስ የሚጓዘው ከፊቱ ያለው አጥንት እየሟሟ ከኋላው አዲስ አጥንት እየተሠራ መሆኑን፣ ጉልበት ከበዛበትም ሥሩ እንደሚጎዳ ሳይሰለቹ ነገሩኝ። ሽቦው ከወለቀ በኋላ ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት እንዳይመለሱ የሰጡኝን ሪቴይነር ዛሬም ማታ ማታ አደርጋለሁ። ቆሎውንም በፈለግሁት ጎን እቆረጥማለሁ።

ትልቁ ውለታዎ ግን ሌላ ነው። የወንድሜ ልጅ ተቅማጥ ይዞት «ግጉ ይውጣለት» ሲባል፣ እናቴ «ማንም አይነካውም!» ብላ ሕፃኑን አዝላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ያን ቀን ልጁን ያዳነው ለእናቴ የነገሯት ቃል ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

እናንተም ወላጆች፣ በሕፃን ድድ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት ሊወጣ ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው። ልጃችሁን ተቅማጥ ሲይዘው ጡት አታቋርጡበት፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ስጡት፤ ፈጥናችሁም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ግግ በሽታ አይደለምና አታስነቅሉ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞ ታካሚዎ