ቀዩ መብራት ለምን ይዘገያል?

ጧት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ በሰዓቱ ሥራ ለመግባት የምትጣደፍ እናት ቀይ መብራት ሲይዛት ደቂቃው ሰዓት እንደሚሆንባት የታወቀ ነው። አንዱ መብራት ቶሎ ሲለቅ ሌላው ሲዘገይባት «ይኸስ ተበላሽቷል» ብላ የልጇን እጅ ይዛ ለመሻገር ትነሣለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን መብራቱ አልተበላሸም፤ የሌላው ተራ አላለቀም እንጂ።

ለአንዱ ቀይ የሚሆነው ጊዜ ለሌላው የማለፊያ ጊዜ ነው። ለምሳሌ አራት አቅጣጫዎች በየተራ የሚለቀቁበትን መስቀለኛ መንገድ እንመልከት። እያንዳንዱ አቅጣጫ 25 ሴኮንድ አረንጓዴ፣ 3 ሴኮንድ ቢጫ፣ ከዚያም መኻሉ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሁሉም የሚቆምበት 2 ሴኮንድ ቢሰጠው አንዱ ዙር 120 ሴኮንድ ይፈጃል። ከዚህም ውስጥ አሽከርካሪው 92 ሴኮንድ ቀይ ያያል። ተራው ሁለት ብቻ ከሆነ ግን ዙሩ ወደ 60፣ ቀዩም ወደ 32 ሴኮንድ ይወርዳል።

መኪና የሚበዛበት ዋና መንገድ ረዘም ያለ አረንጓዴ ስለሚሰጠው፣ ከጎን የሚገባው መንገድ ብዙ ይጠብቃል። ጧትና ማታ ሠራተኛው በሚወጣበትና በሚገባበት ሰዓት ዙሩ እንዲረዝም የሚደረግበት ቦታም አለ። በአንዳንድ ከተሞች ደግሞ ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረ ሽቦ መኪና መድረሱን እያወቀ መብራቱን ያስለቅቃል።

እናቶችን ይበልጥ የሚመለከተው ግን የእግረኛው ጊዜ ነው። በብዙ አገሮች መሐንዲሶች ለረጅም ጊዜ ሲያሰሉ የኖሩት እግረኛ በሴኮንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል በማለት ነው። በዚህ ስሌት 24 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በ20 ሴኮንድ ይታለፋል። በሴኮንድ 0.8 ሜትር ብቻ የምትራመድ አሮጊት ወይም ትንሽ ልጅ ግን 30 ሴኮንድ ያስፈልጋቸዋል። ጎደለ የተባለው 10 ሴኮንድ የሚያልቀው መንገዱ መኻል ላይ ነው! ይህንንም በመገንዘብ በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ስሌቱ ወደ 1.07 ሜትር ገደማ ዝቅ እንዲል ተደርጓል። በዚያው ዓመት ሲንጋፖር ውስጥ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ካርዳቸውን ከምሰሶው ላይ ሲያስነኩ ተጨማሪ ሴኮንዶች የሚሰጥ መብራት ተተክሏል።

ስለሆነም ልጅ ወይም ሸክም የያዘች እናት የሚከተለውን ብታስተውል ይጠቅማታል።

ስትደርሽ አረንጓዴው አስቀድሞ በርቶ ከሆነ ምን ያህል እንደቀረው አታውቂምና የሚቀጥለውን ጠብቂ። የእግረኛው አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ የገባ ይጨርስ፣ ያልገባ አይግባ ማለት ነው። አረንጓዴ ቢሆንም እንኳ የሚታጠፍ መኪና ሊኖር ይችላል። በአገራችን ተሽከርካሪ ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ መጀመሪያ ግራሽን፣ ቀጥሎ ቀኝሽን፣ እንደገና ግራሽን ተመልከቺ። ልጅሽን በጣቱ ሳይሆን በክንዱ ያዢው፤ ቆማችሁ ስትጠብቁም ሴኮንዱን አብራችሁ ቁጠሩ። ልጅ መጠበቅን የሚማረው እናትና አባቱ ሲጠብቁ አይቶ ነው። ይህም የእናት ብቻ ኃላፊነት አይደለም፤ መሪ የያዘ አባትም ቢጫ ሲያይ ፍጥነት መጨመር የለበትም።

አረንጓዴው ለአረጋውያንና ለሕፃናት የማይበቃበት ማቋረጫ በሰፈራችሁ ካለ ደግሞ፣ ቆጥራችሁና ተሰባስባችሁ ለሚመለከተው የመንገድና የትራፊክ ክፍል አመልክቱ። ሴኮንዱን የወሰነው ሰው ነው፤ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አስፋልት ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም። ከቤት አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ መውጣት ከአንድ ቀይ መብራት በእጅጉ ይበልጣል።