ድምፅዎ ወደ ወንበር ሲቀየር

ምርጫ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናወራው ስለ ፓርላማው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆኑ ግን የከተማዋን ምክር ቤትም ይመርጣሉ። የከተማዋን በጀት የሚያጸድቀውና ከንቲባውን የሚመርጠው ይህ ምክር ቤት ነው። የሰፈርዎ መንገድ፣ የልጆችዎ ትምህርት ቤት፣ የቆሻሻ ማንሳቱ ሥራ ሁሉ ከዚያ በጀት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የሰጡት ድምፅ በምን ስሌት ወንበር እንደሚሆን ማወቅ የቤትዎ ጉዳይ ነው።

ነገሩን በቤተሰብ ምሳሌ እንየው። ዘጠኝ ቤተ ዘመዶች ለእሁድ መዝናኛ ቦታ ሊመርጡ ነው እንበል። አራቱ ቢሾፍቱ፣ ሦስቱ እንጦጦ፣ ሁለቱ አንድነት ፓርክ አሉ። ብዙ ድምፅ ያገኘው ቢሾፍቱ ነውና ጉዞው ወደዚያ ይሆናል። ከዘጠኙ አምስቱ ግን ቢሾፍቱን አልመረጡም። የአገራችን ምርጫ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ይባላል። ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ማግኘት አያስፈልግም፤ ከተፎካካሪዎች መብለጥ ይበቃል።

እኔ በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ነኝ። በእኛ ሥራ ከገበያው 30 በመቶ የያዘ ድርጅት፣ ድርሻው 30 በመቶ ነው። በአብላጫ ድምፅ ግን 30 በመቶው በየምርጫ ክልሉ ተበትኖ አንድም ወንበር ላያስገኝ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ማሸነፉን ያስታውሱ ይሆናል። ሌላውን የመረጡ ነዋሪዎችም ነበሩ፤ ለእነሱ የቀረው ግን አንድ ወንበር ብቻ ነው።

ሥርዓቱ ጥሩ ጎንም አለው። ቆጠራው ቀላል ነው፤ የአካባቢዎ ተወካይ ማን እንደሆነ በስሙ ያውቁታል፤ ቅሬታ ሲኖርዎትም ማንን እንደሚጠይቁ አይቸገሩም።

ሌሎች ከተሞች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤል መራጩ ከንቲባውን ለብቻ፣ የምክር ቤቱን የፓርቲ ዝርዝር ደግሞ ለብቻ ይመርጣል። ወንበሮቹ ለየዝርዝሩ የሚከፋፈሉት ባገኘው ድምፅ መጠን ነው። ይህ ተመጣጣኝ ውክልና ነው። ትንሹም ድምፅ ይቆጠራል፤ ነገር ግን መራጩ ከግለሰብ ይልቅ ዝርዝር ይመርጣል፤ ለብቻው አብላጫ ያላገኘ ፓርቲም ከሌሎች ጋር መደራደር ይኖርበታል።

ኒውዮርክ ደግሞ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለከተማዋ ምክር ቤት በሚደረገው የፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ፣ መራጩ እስከ አምስት ዕጩዎችን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ትፈቅዳለች። ወደ ዘጠኙ ዘመዶች እንመለስ። አንድነት ፓርክ ዝቅተኛውን ድምፅ ስላገኘ ይወጣል። የሁለቱ መራጮች ሁለተኛ ምርጫ እንጦጦ ከሆነ፣ እንጦጦ አምስት ለአራት ያሸንፋል። ሰዎቹም ፍላጎታቸውም ያው ነው፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ብቻ ነው።

በእኛ አገር የፓርላማው አመራረጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተደነገገ ስለሆነ በቀላሉ የሚቀየር አይደለም። ባለው ሥርዓት ግን ማድረግ የሚችሉት አለ። አንደኛ፣ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋልና በቅርቡ ቤት ከቀየሩ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ሁለተኛ፣ ለፓርላማ የሚወዳደሩትን ብቻ ሳይሆን ለከተማው ምክር ቤት የቀረቡትን ዕጩዎችም ለይተው ይወቁ። ሦስተኛ፣ በአብላጫ ድምፅ ጥቂት ድምፆች ውጤት ሊቀይሩ ስለሚችሉ፣ «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ብለው ቤት አይቅሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ልጆችዎን የት እንሂድ ብለው በሁለቱም መንገድ ድምፅ ያሰጧቸው። ውጤቱ ከተለያየ፣ የትኛው ይበልጥ ፍትሐዊ እንደሆነ ይጠይቋቸውና መልሳቸውን ያድምጡ።